አባቴን ነገ አርብ ከሆስፒታል ሊያስወጧቸው ነው፣ እምቢ ማለት እንችላለን?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «አባቴ 81 ዓመታቸው ነው፣ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ማክሰኞ ማታ በሳምባ ምችና በልብ ድካም ኢመርጀንሲ ገቡ፣ ሌሊቱን እዛው አድረው ረቡዕ ጠዋት ክፍል ተሰጣቸው። ዛሬ ሐሙስ ኬዝ ማናጀሯ፣ የታካሚ መውጫ የምታዘጋጀዋ፣ መጥታ ነገ ይወጣሉ አለችን። ብቻቸውን ከአልጋ መነሳት አይችሉም፣ ማታ ማታ ይቃዣሉ። ቤታችን ሶስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። እናቴ 74 ናት፣ እኔ የማታ ሺፍት ነው የምሰራው። ሜዲኬር (የመንግስት የአረጋውያን ኢንሹራንስ) አላቸው። እምቢ ማለት እንችላለን? እምቢ ካልንስ ሂሳቡ እኛ ላይ ይመጣል?»

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እኔ ነርስ ነኝ፣ መጀመሪያ ፎቅ ላይ በኋላ ደግሞ ኬዝ ማናጀር ሆኜ እዚሁ አካባቢ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ ማለትም ያቺ ነገ ይወጣሉ ያለቻችሁ ሴትዮ የምትሰራውን ስራ አውቀዋለሁ። ጊዜ ስለሌለሽ አስቸኳዩን ላስቀድም።

አዎ፣ ትችላላችሁ። አባትሽ ኢንፓሸንት (በመደበኛነት ተኝቶ የሚታከም) ተብለው ከገቡ ሆስፒታሉ በገቡ በሁለት ቀን ውስጥ «ኢምፖርታንት ሜሴጅ ፍሮም ሜዲኬር» የሚል ወረቀት ሰጥቶ ማስፈረም አለበት። ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ተቀላቅሎ ፈርመውት ሊሆን ይችላል፣ ፈልጊው፣ ካጣሽው ነርሷን ኮፒ ስጪኝ በያት። እሱ ላይ ኪውአይኦ የሚባል መስሪያ ቤት ስልክ አለ፣ ከሆስፒታሉ ውጭ የሆነ፣ ሜዲኬር ኮንትራት የሰጠው፣ ቻርቱን አይቶ ለመውጣት ደርሰዋል አልደረሱም ብሎ የሚወስን። አባትሽ ገና ሆስፒታል ውስጥ እያሉ፣ ይወጣሉ የተባለበት ቀን ሳያልቅ፣ ማለትም ነገ አርብ ሌሊት ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ደውለሽ አፒል (ይግባኝ) ማድረግ እፈልጋለሁ በይ። የአማርኛ አስተርጓሚ ከፈለግሽ ጠይቂ፣ በነጻ ነው። ከዛ ሆስፒታሉ ለምን ይውጡ እንዳለ በዝርዝር ጽፎ ሊሰጣችሁ ይገደዳል፣ ኪውአይኦዎቹም መረጃው በደረሳቸው በአንድ ቀን ውስጥ ይወስናሉ። ውሳኔው እስኪመጣ ለቆዩበት ጊዜ ከመደበኛው ዲዳክቲብልና ኮኢንሹራንስ፣ ማለትም ከራሳችሁ የክፍያ ድርሻ፣ ሌላ ምንም አትከፍሉም፣ ቢፈረድባችሁ እንኳን ሂሳብ የሚጀምረው ከውሳኔው በማግስቱ እኩለ ቀን በኋላ ነው። ያላቸው በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅም ከሆነ መብቱ ያው ነው። ልብ በይ ግን፣ ሳትደውሉ ዝም ብላችሁ አንወጣም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ያኔ ሂሳቡ ሊመጣባችሁ ይችላል፣ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ግን አፒል የመጨረሻው በር ነው። ከዛ በፊት ነገ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ሆነሽ ልትሰሪው የምትችይው ነገር አለ፣ ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚቀይረው እሱ ነው።

ዶክተሯ ጠዋት ገብታ በአስተርጓሚ ወይ ባንቺ በኩል እንዴት አደሩ ስትላቸው አባትሽ ምን እንደሚሉ ሳልሰማቸው አውቀዋለሁ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚሉት። ህመም አለ? የለም። መራመድ ይችላሉ? አዎ። ቤት የሚረዳዎት ሰው አለ? አለ፣ ልጆቼ አሉ። ትህትና ነው፣ ያደግንበት ነው፣ እንግዳ ሰው ፊት ስለ ሽንት ቤት ማውራት ለአንድ ትልቅ ሰው ነውር ነው። ግን ዶክተሯ ያቺን «ደህና ነኝ» ቃል በቃል ነው ቻርት ላይ የምትጽፋት፦ ታካሚው ምንም ቅሬታ የለውም፣ ይራመዳል፣ ቤት ድጋፍ አለው። ከዚህ በኋላ እኔ ኬዝ ማናጀሯ ያንን አንብቤ መኪና ነው የማዘው። ስንቱ የኛ ሰው እንዲህ ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ። አንቺም ደግሞ ቆመሽ ስታስተረጉሚ በይሉኝታ እሳቸው ያሉትን ብቻ ነው የምታስተላልፊው፣ አባትሽ ፊት «አይ፣ እሳቸው አይችሉም» ማለት ይከብድሻል፣ እረዳሻለሁ። ስለዚህ አታስተርጉሚ። ሆስፒታሉ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ በፌደራል ህግ ግዴታው ነው፣ በስልክም በታብሌትም ያመጣሉ። አንቺ ልጅ ሁኚ። ዶክተሯን ኮሪደር ላይ አግኝተሽ እውነተኛውን፣ የሆነውን ብቻ ንገሪያት፣ ለምሳሌ፦ ትላንት ከአልጋ ያነሳናቸው ለሁለት ነው፣ ሽንት ቤት ሲሄዱ ሁለቴ ሊወድቁ ነበር፣ ማታ ማን እንደሆንኩ አላወቁኝም፣ ቤታችን ሶስተኛ ፎቅ ነው፣ ከማታ ጀምሮ እስከ ጠዋት ከ74 ዓመት እናቴ በስተቀር ማንም የለም። በልመና ሳይሆን በቁጥርና በሁኔታ። ከዛ «ይሄ አንሴፍ ዲስቻርጅ ነው ብዬ ስጋቴን እየተናገርኩ ነው፣ ቻርት ላይ ይጻፍልኝ» በይ። ለአደጋ የሚያጋልጥ መውጣት ማለት ነው፣ ይቺ አነጋገር ሆስፒታል ውስጥ ትርጉም አላት፣ እንደዋዛ አይታለፍም።

አሁን ስለ መቃዠታቸው፣ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ትልልቅ ሰዎች በኢንፌክሽን፣ በአዲስ መድሃኒት፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ ሽንት ወይ ሰገራ በመያዝ አእምሯቸው በድንገት ይደበላለቃል፣ ዴሊሪየም ይባላል፣ ቀን ደህና ሆነው ማታ ይብሳል። ከእርጅና የመጣ መርሳት አይደለም፣ የሆነ ነገር ገና አልተስተካከለም የሚል ምልክት ነው። የኛ ሰው ላይ ደግሞ በጣም ያመልጣል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አባትሽ በአማርኛ ከሞተ ወንድማቸው ጋር ሲያወሩ ነርሷ ቋንቋውን ስለማታውቅ ታካሚው ነቅቷል፣ ያወራል፣ ተረጋግቷል ብላ ነው የምታልፈው። በተቃራኒውም አለ፣ ዓመተ ምህረት ስንት ነው ሲሏቸው በኛ አቆጣጠር ስምንት ዓመት ወደኋላ ይነግሯቸዋል፣ ሰዓት ሲጠየቁ በፈረንጁ ከጠዋቱ ዘጠኝ ላይ ሶስት ሰዓት ይላሉ፣ ነርሷ ደግሞ ግራ ተጋብቷል ብላ ትጽፋለች፣ ጭንቅላታቸው ግን ከኔም ካንቺም የጠራ ነው። ስለዚህ ፈተናው በማሽን አይሆንም፣ እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ነው የሚለየው። «አባቴ ከመታመማቸው በፊት እንዲህ አልነበሩም፣ ይሄ አዲስ ነው፣ ማክሰኞ ነው የጀመረው» በያቸው። አዲስ ነው የሚለው ቃል ነው ቁልፉ። ለሳምባ ምች ታካሚ ለመውጣት ደርሷል የሚባልባቸው የታወቁ መለኪያዎች አሉ፦ ትኩሳት ከ37.8 ያልበለጠ፣ የልብ ምት ከ100 ያልበለጠ፣ ትንፋሽ በደቂቃ ከ24 ያልበለጠ፣ የላይኛው ደም ግፊት ቢያንስ 90፣ ኦክስጅን ቢያንስ 90፣ በአፍ መብላትና መድሃኒት መዋጥ፣ እና አእምሮ ወደ ነበረበት መመለስ። የመጨረሻዋ እዛው ዝርዝር ውስጥ ነው ያለችው። አባትሽ ሌላውን ሁሉ ቢያልፉ እሷን አላለፉም።

ሁለተኛ፣ ፊዚካል ቴራፒስት አይታቸዋለች ወይ? ካላየች ዛሬውኑ ኦርደር ይደረግ በይ፣ አይታም ከሆነ ደረጃ አስወጥታቸዋለች ወይ ብለሽ ጠይቂ። ኮሪደር ላይ በዎከር 50 ጫማ መራመድና ሶስተኛ ፎቅ መውጣት ምንም አይገናኙም። ቴራፒስቷ ቤቱ ሊፍት የለውም ብሎ የነገራት ሰው ከሌለ ከየት ታውቀዋለች። ኦክስጅናቸውንም ቁጭ ብለው ብቻ ሳይሆን እየተራመዱ ይለኩት፣ ተቀምጠው 94 ያለ ሰው አስር እርምጃ ሲሄድ 86 ሊገባ ይችላል፣ 88 እና ከዛ በታች ከወረደ ደግሞ ሜዲኬር ለቤት ኦክስጅን ይሸፍናል፣ ግን ልኬቱ ከመውጣታቸው በፊት ተጽፎ መገኘት አለበት። የሚያሸናቸውን ላሲክስ በአይቪ ነው ወይስ በኪኒን እየወሰዱ ያሉት ብለሽም ጠይቂ፣ ትላንት ማታ ድረስ በአይቪ የነበረ ሰው ነገ ቤት ኪኒን ይዞ ሲሄድ ኪኒኑ ይሰራለት አይሰራለት ማን አየ?

ለምንድነው እንዲህ የሚያጣድፉት ትይኝ ይሆናል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። በፈረንጆቹ ከ1983 ጀምሮ ሜዲኬር ሆስፒታልን የሚከፍለው በቀን ሳይሆን በበሽታው ዓይነት ነው፣ ሳምባ ምች ይሄን ያህል ተብሎ፣ ሶስት ቀን ተኙ ስድስት ቀን ክፍያው ብዙም አይለወጥም፣ ስለዚህ የምትጨመረዋ ቀን ከሆስፒታሉ ኪስ ናት። በሌላ በኩል ከ2012 ወዲህ ወጥተው በ30 ቀን ውስጥ የሚመለሱበት ታካሚ የበዛበት ሆስፒታል እስከ 3 ፐርሰንት ይቀጣል፣ የሚቆጠሩት በሽታዎች ውስጥ ደግሞ የአባትሽ ሁለቱም፣ ሳምባ ምችም ልብ ድካምም አሉበት። ይሄን የምነግርሽ እንድትጣዪበት አይደለም፣ አባትሽ በሳምንቱ ቢመለሱ እነሱም እንደሚጎዱ እንድታውቂ ነው፣ አንቺና ኬዝ ማናጀሯ ጠላት አይደላችሁም። በ2009 የወጣ ትልቅ ጥናት ከሜዲኬር ታካሚዎች ከአምስቱ አንዱ ማለት ይቻላል በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ እንደሚተኛ አሳይቶ ነበር፣ በውስጥ ደዌ ተኝተው ከተመለሱት ደግሞ ግማሽ ያህሉ በመሃል አንድ ሐኪም ያያቸው ለመሆኑ ሂሳብ እንኳ አልተገኘም።

ደግሞ ሌላውንም ወገን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ እስኪድኑ እዛው ይቆዩ ይላል። አይሆንም። ሆስፒታል ለሽማግሌ ሰው ማረፊያ አይደለም። በአንድ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርገው ከእግራቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ ጠፍቷል፣ ጤነኞቹ ናቸው እንግዲህ፣ የታመመው ደግሞ ይብሳል። መቃዠቱ ራሱ እዛ ክፍል ውስጥ፣ መብራትና የማሽን ድምጽ መሃል ይባባሳል፣ ኢንፌክሽንም አለ። ስለዚህ አንቺ መጠየቅ ያለብሽ ስንት ቀን ይቆዩ ሳይሆን ወዴት፣ በምን አቅም፣ ማን ጋር ይሄዳሉ የሚለውን ነው። እስከዛ ድረስ እዛው እያሉ ቀን ቀን ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ መነጽራቸውንና የጆሮ መስሚያቸውን አምጪላቸው፣ ማታ ሰው አጠገባቸው ይደር፣ የሚያውቁት ድምጽ ከብዙ ኪኒን ይሻላል።

ወዴት ካልሽ ለኔ የሚታየኝ ሪሃብ፣ በቴራፒ ጉልበታቸው የሚመለስበት ቦታ ነው፣ እዚህ ጋር ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሜዲኬር የነርሲንግ ፋሲሊቲ ሪሃብ የሚከፍለው ቢያንስ ሶስት ተከታታይ ቀን ኢንፓሸንት ሆነው ከተኙ ነው። የገቡበት ቀን ይቆጠራል፣ የወጡበት ቀን አይቆጠርም፣ ኢመርጀንሲ ያደሩበት አይቆጠርም፣ ኦብዘርቬሽን የሚባለው፣ ለክትትል ብቻ የሚያዙበት፣ አልጋ ላይ ተኝተውም ቢሆን አይቆጠርም። እንግዲህ ቁጠሪው፦ ማክሰኞ ማታ ኢመርጀንሲ ዜሮ፣ ረቡዕ አንድ፣ ሐሙስ ሁለት፣ አርብ ከወጡ አርብ አይቆጠርም። ሁለት ቀን ነው ያላቸው። አርብ ከወጡ ሜዲኬር ሪሃቡን አይከፍልም፣ በኪሳችሁ ነው። እሱም ረቡዕ ዕለት በትክክል ኢንፓሸንት ተብለው ከሆነ ነው፣ ስለዚህ ዛሬውኑ «ስታተሳቸው ምንድነው? ኢንፓሸንት ናቸው ወይስ ኦብዘርቬሽን? ከስንት ሰዓት ጀምሮ?» ብለሽ ጠይቂ። ኦብዘርቬሽን ሆነው ከ24 ሰዓት በላይ ከቆዩ ሆስፒታሉ ያንን የሚናገር ወረቀት ሊሰጣችሁ ይገባል፣ ያኔ ስታተሱ እንዲቀየር ዶክተሯን ማነጋገር ነው፣ ያ ቅድም ያልኩሽ ፈጣን አፒልም ለኢንፓሸንት ብቻ ነው። አድቫንቴጅ ከሆነ ፕላናቸው ብዙዎቹ የሶስት ቀኑን ነገር ይተዉታል፣ ግን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ እሱም ቀናት ሊፈጅ ይችላል፣ ፈቃዱ ተልኳል ወይ ብለሽ ተከታተዪ። ሪሃብ ከገቡ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀኖች ክፍያ የላቸውም፣ ከ21 እስከ 100 በቀን ከ200 ዶላር በላይ ነው፣ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ የመንግስት ኢንሹራንስ) ወይ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ካላቸው ብዙውን ጊዜ እሱ ይሸፍናል። ብዙ የኛ ሰው ሪሃብ ሲባል አባቴን ነርሲንግ ሆም ልጥል ነው ብሎ ይደነግጣል፣ ዘመድም ያወራል። መጣል አይደለም እህቴ፣ ደረጃውን በእግራቸው መውጣት እስኪችሉ ሁለት ሶስት ሳምንት ነው።

ቤት የሚመጡ ከሆነ ደግሞ ስለ መድሃኒት አንድ ነገር ልንገርሽ። ከአመታት በፊት አንዲት እናት ነበሩ፣ እኔ ነኝ አርብ ማታ ወረቀቱን ያስፈረምኩት፣ ልጃቸው ከስራ መጥቶ ቸኩሎ ወሰዳቸው። ከሆስፒታል የያዙት ብልቃጥ ላይ ሜቶፕሮሎል ይላል፣ ቤት ያለው አሮጌው ላይ ደግሞ ሎፕረሰር ይላል። አንድ መድሃኒት ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የሚለያየው። እናትየው ዶክተር ያዘዘው አይቀርም ብለው ሁለቱንም ዋጡ፣ ቅዳሜም እሁድም። ሰኞ ጠዋት የልብ ምታቸው 38 ሆኖ ሽንት ቤት በር ላይ ወደቁ፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ ተመለሱ። ልጁ ሁለቱን ብልቃጥ በላስቲክ ከረጢት ይዞ ኢመርጀንሲ ቆሞ አየሁት፣ ያን ከረጢት እስካሁን አልረሳውም። ከዛን ቀን ወዲህ ቤት ያለውን መድሃኒት በሙሉ አምጡልኝ ሳልል ማንንም አላስወጣሁም። አንቺም ነገ ቤት ያለውን ሁሉ፣ ቫይታሚኑንም፣ ከአዲስ አበባ የተላከውንም ጠራርገሽ በከረጢት ይዘሽ ሂጂ፣ ነርሷ ወይ ፋርማሲስቱ አንድ በአንድ ይሄ ይቀጥላል፣ ይሄ ይቆማል ይበልሽ፣ የሚቆመውን እዛው ለያይተሽ አውጪው። ከዛ ያለችሽን መልሰሽ ንገሪያት፣ ከተሳሳትሽ ታርምሻለች። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ሶስቱም ተንከባካቢውን የሚመለከት ህግ አላቸው፣ ስምሽን በተንከባካቢነት ያስመዘግባሉ፣ ከመውጣታቸው በፊት ሊያሳውቁሽና ቤት የምትሰሪውን ሊያሳዩሽ ይገባል፣ ስሜ ተመዝግቧል ወይ በይ።

አርብ መውጣት በራሱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን አርብ ማታ የወጣ ሰው የጎደለችው ነገር እስከ ሰኞ ትጎድላለች። ስለዚህ መድሃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ እጃችሁ ሳይገባ፣ ዎከሩና የሽንት ቤት ወንበሩ ሳይመጣ ክፍሉን አትልቀቁ። ሆም ኸልዝ (ቤት ድረስ የሚመጣ ህክምና) ከታዘዘ ኤጀንሲው ቤት በገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ መጥቶ ማየት አለበት፣ የኤጀንሲውን ስምና ስልክ ተቀበዪ፣ ቅዳሜና እሁድ ይመጣሉ ወይ ብለሽም ጠይቂ። ሜዲኬር ነርስና ቴራፒስት በሳምንት ጥቂት ቀን ይልካል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ አብሯቸው የሚያድር ሰው አይከፍልም፣ ይሄን ብዙ ሰው በኋላ ነው የሚያውቀው፣ አንቺ ደግሞ የማታ ሰራተኛ ነሽ፣ ስለዚህ ቤት ካሉ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ማን እንደሚያድር ከወዲሁ ተነጋገሩ። የሐኪም ቀጠሮ በሰባት ቀን ውስጥ ተይዞ ይውጡ፣ ደውሉ ተብሎ ሳይሆን ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ። ለልቡ ጠዋት ጠዋት ሽንት ከሸኑ በኋላ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑ፣ ባንድ ቀን ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ወይ በሳምንት 5 ፓውንድ ከጨመሩ ውሃ እየያዙ ነው፣ እግራቸው እስኪያብጥ ሳትጠብቂ ዶክተሩ ጋር ደውዪ። ጨው ላይ እናትሽን አነጋግሪያት፣ ሽሮውና ወጡ በትንሽ ጨው ለብቻ ይሰራላቸው፣ ቋንጣው ይቅር። ጾም ከሆነና አባትሽ ሳልበላ መድሃኒት አልወስድም የሚሉ ከሆነ ካንቺ ጋር አይስማሙም፣ የንስሃ አባታቸውን ጥሪላቸው፣ ለህመምተኛ እንደሚፈቀድ እሳቸው ሲነግሯቸው ይሰማሉ።

ይሄን የሚያነብ ወላጁ ገና በቅርቡ በግሪን ካርድ መጥተው ሜዲኬር የሌላቸው ካለ፣ ያ የኪውአይኦ አፒል ለእናንተ አይሆንም፣ ግን ከጠየቃችሁ ሆስፒታሉ የመውጫ ፕላን መስራት ግዴታው ነው፣ ፔሸንት አድቮኬት የሚባል፣ ለታካሚ የሚቆም ሰው አለ፣ እሱን ጥሩ፣ አስተርጓሚም እንደዛው መብታችሁ ነው።

ለነገ ጠዋት ዶክተሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ክፍል ለክፍል የሚዞሩት ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል ባለው መሃል ነው፣ በፈረንጁ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ከሺፍት እንደወጣሽ ቤት ሳትገቢ ቀጥታ ሂጂና ክፍሉ ውስጥ ተገኚ። ስታተሳቸውንና ሜዲኬሩ ኦሪጅናሉ ይሁን አድቫንቴጅ ዛሬ ማታ ጠይቀሽ ጻፊልኝ፣ እስከ ሌሊት ስድስት ሰዓት በኛ አቆጣጠር አልተኛም፣ ነገ ስትደውዪ ምን ምን እንደምትዪ አብረን እናዘጋጃለን።